«ቴይክ» ማለት «ወሰደ» ነው? ግማሽ እውነት የሆነ ትርጉም እንዴት ያሳስታል

አንድ የፊዚክስ ጥያቄ አብረን እናንብብ። ኳስ ከ20 ሜትር ከፍታ ላይ ይለቀቃል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው «ቴይክ ጂ አዝ 10» ይላል። ሁለተኛው «ሀው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴይክ ቱ ሪች ዘ ግራውንድ?» ብሎ ይጠይቃል።

ልብ በሉ፤ «ቴይክ» ሁለት ጊዜ መጥቷል። አብዛኞቻችን ይህን ግሥ የተማርነው በዜማ ነው፤ «ቴይክ፣ ቱክ፣ ቴይከን፤ ወሰደ!» እያልን። እስቲ የተማርነውን በቦታው እናስገባው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደህና ነው፤ «መሬት እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?» ይሆናል። የመጀመሪያውስ? «ጂን 10 ውሰድ።» ከየት ነው የምወስደው? ወዴት ነው የምወስደው? ልቀንሰው ነው እንዴ?

ጂ ማለት የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚያፈጥነው የሚናገር ቁጥር ነው። ልኬቱ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይጠጋል። ጠያቂው የሚለው «ስሌቱ እንዲቀልላችሁ 10 ነው ብላችሁ ሥሩ» ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሁለት መስመር ጽፎ «2 ሰከንድ» ብሎ ይጨርሳል። ያልተረዳው ደግሞ ቀመሩን በደንብ እያወቀ በአንዲት ግሥ ይሰናከላል። ፊዚክስ አልገባውም ማለት ነው? አይደለም። ያሳሳተው የቃል ዝርዝሩ ነው።

የዛሬው ሂስ በዚያች አንድ መስመር ላይ ነው፤ «ቴይክ = ወሰደ» በምትለው። የምትገኝበትን ታውቃላችሁ። ደብተራችን የኋላ ገጽ ላይ፣ መንገድ ዳር በሚሸጡ ትንንሽ የቃላት መጽሐፎች ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በሚለጠፉ የግሥ ሠንጠረዦች ውስጥ፣ ስልካችን ላይ በጫንነው መዝገበ ቃላት ውስጥ አለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ ይህች መስመር የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለችም። የፊዚክስም፣ የባዮሎጂም፣ የሒሳብም ጉዳይ ናት።

ችግሩ መሳሳቷ አይደለም

ቅሬታዬ «መስመሯ ስህተት ናት» የሚል እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ልክ ናት። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለውን መጽሐፍ እያሳየ «ቴይክ ኢት» ቢላችሁ «ውሰደው» ወይም «ውሰጂው» ማለቱ ነው። ጊዜ ሲሆን «ይወስዳል» እንላለን። መድኃኒት ሲሆን «ወሰደ» እንላለን። እርምጃ ይወሰዳል፣ ኃላፊነት ይወሰዳል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙና ይወሰዳል። መምህሩም ሰሌዳው ፊት ቆሞ «አንድ ምሳሌ እንውሰድ» ይላል። በእነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛው «ቴይክ»፣ አማርኛው «ወሰደ» ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ትርጉም በመጀመሪያው ቀን ይጋለጣል። «ቴይክ ማለት ዘለለ ነው» ብሎ ያስተማራችሁ ሰው ቢኖር፣ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትነቁበታላችሁ። ደጋግሞ ልክ የሆነ ትርጉም ግን አመኔታችንን ያተርፋል። ካመንነው በኋላ አንጠይቀውም። እና ልክ በማይሆንበት ቦታ ላይ፣ ያውም በፈተና ሰዓት፣ ዝም ብለን እንከተለዋለን።

«ቦታ» የሚባለው ወጥመድ

ከሳይንስ መጽሐፍ ሁለት አገላለጾች ልስጣችሁ። ሁለቱም ውስጥ «ቴይክ» አለ፤ ሁለቱም ውስጥ በአማርኛ «ቦታ» ብለን የምንተረጉመው ቃል አለ።

አንደኛው ስለ ቁስ የሚሰጠው የታወቀው ፍቺ ነው። ቁስ ማለት መጠነ ቁስ ያለውና «ቴይክስ አፕ ስፔስ» የሆነ ነገር ሁሉ ነው ይላል። ሁለተኛው ከባዮሎጂ ነው። ፎቶሲንተሲስ በክሎሮፕላስት ውስጥ «ቴይክስ ፕሌስ» ይላል።

በቃል ዝርዝሩ ብንሄድ ሁለቱም «ቦታ ይወስዳል» ይሆናሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው «ቦታ ይይዛል» ማለት ነው። ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ አየርም ፊኛ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው «ይካሄዳል» ወይም «ይከናወናል» ማለት ነው። ፎቶሲንተሲስ ሂደት ነው፤ እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ውሃ የተቀመጠበትን ቦታ የሚሞላ ነገር አይደለም።

እነዚህን ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ እንግሊዝኛውን ብቻ አይደለም የሚያደባልቀው። ነገርና ሂደት የሚባሉትን ሁለት የሳይንስ ሐሳቦች ያደባልቃል። «ኬሚካዊ ለውጡ የት ነው የሚካሄደው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምን ያህል ቦታ ይይዛል?» የተባለ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ጉዳዩን እንደ ትንሽ የቋንቋ ስህተት ማለፍ የማልፈልገው።

ሌላም ልጨምር። ሥር ውሃ «ቴይክስ አፕ» ያደርጋል ሲባል «ይመጥጣል» ማለት ነው። ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ቴይክስ ኢን» ያደርጋል ሲባል «ያስገባል» ማለት ነው። አውሮፕላን «ቴይክስ ኦፍ» ሲያደርግ ይነሳል፤ ሰው ጃኬቱን «ቴይክስ ኦፍ» ሲያደርግ ግን ያወልቃል። «አፕ»፣ «ኢን»፣ «ኦፍ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ተከታዮች ብቻ ይመስላሉ። በሥራ ግን ትርጉሙን የሚነዱት እነሱ ናቸው።

5ን ከ12

ወደ ሒሳብ እንሂድ። «ቴይክ 5 ፍሮም 12» ሲል መልሱ ስንት ነው? 7 ነው። እዚህ «ወሰደ» የሚለው ትርጉም አልከዳንም፤ ከ12 ላይ 5 ሲወሰድ 7 ይቀራል። ሆኖም 5 ሲቀነስ 12 ብሎ ጽፎ ከዜሮ በታች 7 የሚያወጣ ተማሪ ይኖራል። ለምን?

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። እኛ «ከ12 ላይ 5 ቀንስ» ነው የምንለው። 12 ቀድሞ ይመጣል፤ ስንጽፍም 12 ቀድሞ ይጻፋል። ጆሯችን የሰማውና እጃችን የሚጽፈው በአንድ ሰልፍ ይሄዳሉ። እንግሊዝኛው ግን 5ን ያስቀድማል። የቃሉን ትርጉም ያወቀ፣ ቃሉ የሚሠራበትን ሰልፍ ግን ያላወቀ ሰው ቁጥሮቹን በሰማበት ቅደም ተከተል ይጽፋቸዋል። ዝርዝሩ ስለዚህ ሰልፍ ምንም አይነግረንም። አንድ ቃል ከአንድ ቃል ጋር ያጋባና ይሄዳል።

አሁን ደግሞ «ቴይክ ዘ ስኩዌር ሩት ኦፍ 49» የሚለውን እዩ። ከ49 ላይ የሚወሰድ ነገር አለ? የለም። 49 እዚያው አለ። «የ49ን ስኩዌር ሩት አውጡ» ነው የሚለን፤ መልሱ 7 ነው። ሁለቱም ትእዛዞች «ቴይክ» ብለው ጀምረው፣ ሁለቱም 7 ላይ ደርሰው፣ መንገዳቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። አንዱ መቀነስ ነው፣ ሌላኛው ሥር ማውጣት።

ሦስተኛ ልጨምር። «ኤክስ ከ0 እስከ 1 ያሉ ዋጋዎችን ቴይክ ያደርጋል» ሲባልስ? ኤክስ ማንንም አልዘረፈም! ኤክስ እነዚህን ዋጋዎች ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። እዚህም እንደ ቁሱ ፍቺ ሁሉ «ያዘ» መጣ። ይህችን «ያዘ» የምትባል ግሥ በአእምሯችሁ አስቀምጧት፤ እንመለስባታለን።

ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ?

ፈተና እንውሰድ። (አያችሁ፣ «ምሳሌ እንውሰድ» ማለቴ ነው። ግን «እንፈተን» ማለትም ሊሆን ይችላል። አማርኛችንም ቀላል አይደለችም።) በአማርኛ መምህሩ ፈተና ይሰጣል፣ ተማሪው ይፈተናል ወይም ፈተና ይወስዳል። እንግሊዝኛም ተማሪውን «ቴይክ» ያስደርገዋል። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ወረቀቱ ከመምህር ወደ ተማሪ ነው የሚሄደው።

ወደ ሕንድ ተሻግራችሁ በሂንዲ ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሂንዲ ተማሪው ነው ፈተና «የሚሰጠው»፤ መምህሩ ነው ፈተና «የሚወስደው»። ይህ አነጋገር ወደ ሕንዶች እንግሊዝኛም ገብቷል። ስለዚህ አንድ ሕንዳዊ ጓደኛችሁ «ነገ ፈተና እሰጣለሁ» ቢላችሁ መምህር ሆኗል ብላችሁ እንኳን ደስ አለህ እንዳትሉት። ፈረንሳዮች ደግሞ ፈተና ላይ የተቀመጠውን ሰው «ፓሴ» በሚል ግሥ ይገልጹታል። ፈተናውን ወስዷል ማለታቸው ነው እንጂ አልፏል ማለታቸው አይደለም። በብሪታንያ እንግሊዝኛም ከ«ቴይክ» ጎን «ሲት» የሚል አለ፤ እኛ «ለፈተና ተቀመጠ» እንደምንለው ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ፈተና እንደ ብርቱካን ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር አይደለም። ሰጠ፣ ወሰደ፣ ተቀመጠ፣ አለፈ የምንለው የየቋንቋው ተናጋሪዎች በልማድ የተስማሙበት ሥዕል ስለሆነ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። የቃል ዝርዝር ሥዕሉን አያሳየንም።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ጉዳይ ከነጥብ ያለፈ ይሆናል። በድሮ ዘመን እንግሊዝ አገር መርዝ የሚሸጥባቸው ጠርሙሶች ላይ «ኖት ቱ ቢ ቴይከን» የሚል ጽሑፍ መስተዋቱ ላይ ጎላ ብሎ ይወጣ ነበር። በቃል ዝርዝሩ ካነበባችሁት «አይወሰድም» ይላል። አንድ ሰው ይህን «ከመደርደሪያው እንዳይነሳ» ወይም «እንዳይሰረቅ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የጽሑፉ መልእክት ግን «አትዋጡት፣ አትጠጡት» ነው። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው «ቴይክ» ሲል እኛ «ዋጠ»፣ «ጠጣ» እያልን ብንለይ የሚሻለው። ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል። የሚቀባ መድኃኒት ግን ይቀባል እንጂ «ቴይክ» አይደረግም።

ግሡ ከየት መጣ?

አሁን ትንሽ ታሪክ። «ቴይክ» የጥንት እንግሊዞች የራሳቸው ቃል አልነበረም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር «ኒማን» የሚል ግሥ ነበረው፤ የዛሬው የጀርመን «ኔመን» የዚያ ዘመድ ነው። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰዎች በእንግሊዝ ምድር ሲሰፍሩ የራሳቸውን «ታካ» ይዘው መጡ። ቀስ በቀስ «ታካ» አሸነፈ፤ «ኒማን» ከአፍ ጠፋ። ዛሬ የ«ኒማን» ፍርስራሽ «ነም» በሚለው ቃል ውስጥ ቀርቷል። «ነም» ማለት የደነዘዘ ማለት ነው፤ መነሻው «የተያዘ» ነበር። እኛም «ጉንፋን ያዘኝ» እንል የለ? ሐሳቡ ያው ነው።

«ታካ» ራሱ ከጥንት ዘመዶቹ ጋር ሲተያይ ሥሩ ወደ «ነካ» እና «ጨበጠ» ይጠጋል። «ይዞ ሄደ» የሚለው ከዚያ የበቀለ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ይኸው «ያዘ» ተመለሰች! ብዙ ቦታ ላይ ለ«ቴይክ» የሚቀርበው የአማርኛ ግሥ «ወሰደ» ሳይሆን «ያዘ» ነው። ክፍል ውስጥ ማስታወሻ እንይዛለን፤ በእንግሊዝኛ «ቴይክ ኖትስ» ነው። ታክሲ እንይዛለን፤ «ቴይክ ኤ ታክሲ» ነው። ቦታችንን እንይዛለን። ኤክስ ዋጋ ይይዛል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። «እንግዲያው ዝርዝሩ ላይ ወሰደን ሰርዘን ያዘን እንጻፍ» እንዳትሉኝ። ያኔ ያችኑ ስህተት በሌላ ቃል ደገምናት ማለት ነው። «ጊዜ ይይዛል» አንልም። የቃል መነሻም የዛሬ ትርጉሙን አያዝዝም፤ መነሻው የሚጠቅመን ቅርንጫፎቹ ከአንድ ግንድ እንደበቀሉ ለማየት ብቻ ነው።

ለምን ደጋግመው የምንናገራቸው ግሦች ናቸው የሚያስቸግሩት?

ይህ ጥያቄ ሳይንሳዊ መልስ አለው። ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1945 አንድ ዝንባሌ አሳይቶ ነበር፦ አንድ ቃል በብዛት በተነገረ ቁጥር የትርጉሙ ብዛትም ይጨምራል። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለው ቃል ከባድ ይመስላል፤ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አንዴ ከተማራችሁት ጨረሳችሁ። «ቴይክ» ቀላል ይመስላል፤ ግን ማለቂያ የለውም። ከባዱን ቃል እየፈራን ቀላሉን እንንቃለን። የምንወድቀው ግን በናቅነው ነው።

ከዚያ በፊትም ዴንማርካዊው የቋንቋ ምሁር ኦቶ የስፐርሰን አንዳንድ ግሦችን «ቀላል ግሦች» ብሎ ጠርቷቸዋል። ቀላል ያላቸው ለመማር ስለሚቀሉ አይደለም። የራሳቸው የትርጉም ክብደት ትንሽ ስለሆነ ነው። «ቴይክ ኤ ሉክ» ሲባል ትርጉሙን የተሸከመው «ሉክ» ነው፤ «አየ» ማለት ነው። «ቴይክ ኤ ሬስት» ስንል «አረፈ»፣ «ቴይክ ኤ ብሬዝ» ስንል «ተነፈሰ» ነው። «ቴይክ» እዚህ ሸክሙን የሚያቆም ምርኩዝ ብቻ ነው። አማርኛ ለእነዚህ ምርኩዝ አያስፈልጋትም፤ ስሙን ራሱን ግሥ ታደርገዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ቡድን ኮቢልድ የተባለውን መዝገበ ቃላት አወጣ። ቡድኑ በኮምፒውተር በተከማቸ ብዙ እውነተኛ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ነው የሠራው። ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የወጣው ትምህርት እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ስለ አንድ የተለመደ ግሥ ስንጠየቅ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ትርጉም፣ ሰዎች በብዛት የሚሠሩበት ትርጉም ላይሆን ይችላል። ስለ «ቴይክ» ሲጠይቁን እጅ ዘርግቶ ዕቃ የሚያነሳ ሰው ነው የሚታየን። መጽሐፍ ስናነብ የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊዜን፣ ሂደትን፣ ሐሳብን የተጎዳኘው ነው። ያ መዝገበ ቃላት ለዚህ የሰጠው መፍትሔም ደስ ይላል። ቃሉን በአንድ ቃል ከመፍታት ይልቅ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያብራራዋል።

አሁንም ያልታመናችሁ ካላችሁ መስተዋቱን ወደ ራሳችን እናዙረው። አንድ አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው አለ እንበል። ደብተሩ ላይ ሁለት ግሥ ጽፏል። «በላ» ማለት ምግብ መብላት፣ «አለ» ማለት መናገር። ከዚያ «እጄን በላኝ» ስትሉት ደንግጦ «ማን?» ይላችኋል። «ልጁ ዝም አለ» ስትሉት «ዝም የምትለዋ ቃል ምን ማለት ናት፣ ልጁ ጮክ ብሎ የተናገራት?» ብሎ ያስባል። ትስቃላችሁ። ግን ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ዝርዝሩን አምኖ ነው። እኛም «ቴይክስ ፕሌስ»ን «ቦታ ይወስዳል» ስንል እንደዚያው ነን።

ነገሩ በጽሑፍም ይገለበጣል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ብለን እናስብና በዝርዝሩ «ስሊፕ ቱክ ሚ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን ወደ እንቅልፍ «ይጥለዋል» እንጂ እንቅልፍን አያስወስደውም። «ሥራው ሦስት ሰዓት ወሰደብኝ» ስንልም «ብኝ» የምትለዋ ቅጥያ ምሬታችንን ጭምር ትሸከማለች። በእንግሊዝኛ «ኢት ቱክ ሚ» ተብሎ ሰውየው ከግሡ በኋላ ባዶውን ይቀመጣል። «ብኝ»ን ለመተርጎም ብላችሁ «ኦን» የሚል መስተዋድድ ከጨመራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል።

ዝርዝሩን እንቅደደው እንዴ?

አይ። ሐያሲ ሲሆኑ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የቃል ዝርዝር ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በቃላት ትምህርት ላይ ብዙ የጻፉት የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን ጭምር ቃልንና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትርጉሙን በካርድ እየጻፉ ማጥናት ለመነሻ ጥሩ ዘዴ እንደሆነ ይሟገታሉ። ለ«ፎቶሲንተሲስ»፣ ለ«ድልድይ»፣ ለ«ጉበት» ዝርዝር ይበቃል። ለ«ቴይክ»፣ ለ«ጌት»፣ ለ«ሜክ»፣ ለ«ሀቭ» ግን አይበቃም። ስህተቱ ለሁለቱም ዓይነት ቃላት እኩል አንዳንድ መስመር መስጠቱ ነው።

ተቃራኒው ጽንፍም መፍትሔ አይደለም። «የቴይክ 60 ትርጉሞች» የሚል ረጅም ገጽ ይዞ መሸምደድ ማለቴ ነው። ያ ገጽ ያንኑ አጭር ዝርዝር አስረዝሞ ያመጣል እንጂ አሁንም ቃሉን ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ነው የሚያስጠናው።

ምን ይሻላል? ደብተራችሁ ላይ ለ«ቴይክ» አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ባዶ ይሁን። ከመማሪያ መጽሐፋችሁ፣ ከአሮጌ ፈተና፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ባገኛችሁት ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጡ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ማነው? ሰው ነው ወይስ «ኢት»? «ኢት» ከሆነና አጠገቡ ጊዜ ካለ፣ «ይወስዳል» ወይም «ይፈጃል» ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከኋላው የመጣው ምንድነው? የሚጨበጥ ዕቃ ከሆነ «ወሰደ» ይሆናል። ድርጊት ከሆነ፣ እንደ ማየት፣ እንደ ማረፍ፣ «ቴይክ»ን እርሱትና የድርጊቱን የአማርኛ ግሥ ፈልጉ። «ፕሌስ» ብቻውን ያለ ሌላ ቃል ከተከተለው «ተካሄደ» ነው።

ሦስተኛ፣ አጠገቡ የትኛዋ ትንሽ ቃል አለች? «ፍሮም» ካለች ምናልባት መቀነስ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ። «አፕ»፣ «ኢን»፣ «ኦፍ» ካለች ከእሷ ጋር አንድ ላይ እንደ አንድ ቃል አንብቡት። «አዝ» ወይም የእኩልነት ምልክት ካለ «ነው ብለህ ቁጠረው» ማለት ነው።

የመጨረሻዋን በደንብ እዩዋት፤ የራሳችን ቋንቋ ምላሽ አላት። ጓደኛችሁ ቀልዳችሁን አክርሮ ሲይዘው «እንደ ቀልድ ውሰደው» ትሉት የለም? እዚህ «ውሰደው» ማለት ይዘኸው ሂድ ማለት አይደለም። «ቀልድ ነው ብለህ ቁጠረው» ማለት ነው። ይህን ትርጉም የሰጠችው «እንደ» ናት። እንግሊዝኛው «አዝ» ባለበት ቦታ አማርኛው «እንደ» ይላል። ስለዚህ «ወሰደ» ጥፋት የለባትም፤ ጥፋቱ ብቻዋን መላኳ ነው። «ውሰድ» ከ«እንደ» ጋር ስትሆን ምን እንደምትሠራ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ዝርዝሩ ግን «እንደ»ን ቆርጦ ጣላት።

አማርኛችን ራሷም ከ«ቴይክ» እየተዋሰች ነው። «ሻወር ወሰድኩ» የሚል ሰው ዛሬ በየቤቱ አለ፤ አያቶቻችን «ገላዬን ታጠብኩ» ነበር የሚሉት። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይናደዳል። እኔ ቋንቋ ከቋንቋ መዋሱ ብዙም አያስፈራኝም፤ እንግሊዝኛ ራሱ «ቴይክ»ን የተዋሰው ከባሕር ማዶ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአማርኛችን ውስጥ «ወሰደ» በ«ቴይክ» ቦታ በበዛች ቁጥር፣ ሁለቱ አንድ ናቸው የሚለው እምነታችን ይጠነክራል። እምነቱ በጠነከረ ቁጥር ወጥመዱ ይሰፋል።

እንግዲህ ኳሳችን ከ20 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ እየጠበቀን ነው። ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው «ቴይክ» አጠገቡ «አዝ» አለ፤ 10 ነው ብላችሁ ቁጠሩ። የሁለተኛው ባለቤት «ኢት» ነው፣ የሚጠይቀውም ስለ ጊዜ ነው፤ ምን ያህል ይፈጃል? ከፍታውን በ2 አባዙ፣ ለ10 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን «ቴይክ» አድርጉ። 4 ላይ ደርሳችሁ 2 ታገኛላችሁ።

ኳሱ ወደቀ። 2 ሰከንድ።